በካፖርቱ ውስጥ ያለው ማነው

ጥቅምት 9

ለተወደድከው ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይግባኝ ይጠይቃል። መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታህን እለምናለሁ።

ጋዜጣው ላይ ያነበብከው እውነት ነው። የቤተ መጻሕፍት ምክር ቤታችን ለአንባቢዎች ያቀረበው ጥያቄ «በዕድሜያችሁ ካነበባችሁት ኮሚክ መጽሐፍ ሁሉ እጅግ ያስፈራችሁ የትኛው ነው?» የሚል ነበር። የሚመልሱልን ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉ ብዬ ገምቼ ነበር፤ ተሳሳትኩ። አንድ ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ሲወርዱት ደረጃው ሲወጡት ከነበረው የሚበዛ ምድር ቤት ያለበትን ታሪክ በልጅነቱ አንብቦ፣ እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ እንደሚደግፍ ጻፈልን። አንዲት የጥርስ ሐኪም፣ ለሞቱ ሰዎች ብቻ ደብዳቤ ስለሚያደርስ ፖስተኛ አንብባ፣ ፖስታ ሲመጣላት እስካሁን ባሏን ነው የምታስከፍተው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ የመጽሐፉን ርዕስም ሥዕሉንም ረስቶ፣ «ገጹን ስገልጥ እጄን የያዘኝን ብርድ ግን አልረሳሁም» አለ።

ከሁሉም በላይ ስሙ የተደጋገመው ያንተው «የተሰቀለው ካፖርት» ነው። እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ ልቆጣህ፣ ገና አልወሰንኩም።

ስልክ የማልደውልልህ ተቀይሜህ አይደለም። ምክር ቤቱን የሚነካ ጉዳይ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ልጄንም ጠይቀሃል። ደህና ናት፤ ከቤት ርቃ ሰንብታለች፤ ስትመለስ ራሷ ትጽፍልሃለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍህን ካነበበች ወዲህ ካፖርት በተሰቀለበት መተላለፊያ አታልፍም። ከቤተሰቧ አንድ ሰው ለጊዜው ርቆ ሄዷል። ቤተሰቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካፖርቱን የሚለብሰው ያ ፍጡር ከእውነተኛው ሰው የሚለይበት ምልክት አለው ወይስ የለውም? ወንድምነትህን ትተህ እንደ ሠዓሊ መልስልኝ።

አክባሪ እህትህ


ጥቅምት 18

እትዬ ዳኛዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ደብዳቤሽን ተቀምጬ ማንበብ ጀምሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ተነስቼ ክፍሉን መዞር ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ለማስፈራት ስደክም ኖሬ፣ «ተሳክቶልሃል» ስባል የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ትራፊክ ፖሊሱን ሰላም በይልኝ። እንዲህ ያለ አንባቢ ያገኘ ሰው ምድር ቤቱን በመሳሉ አይጸጸትም።

ኋላ በላክሽው ማስታወሻ «ለአባላቱ ታሪኩን በአጭሩ አስቀምጥልኝ፤ ግማሾቹ መጽሐፉን ሳይከፍቱ ሊፈርዱ ነው» ላልሽው፣ እነሆ። ከአንድ ቤት እናትየዋ ርቃ ትሄዳለች። ካፖርቷ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ይቀራል። አንድ ቀን ማንም ሳያይ የሆነ ነገር ካፖርቱን ለብሶ ይወጣና፣ እሷን ሆኖ በሩን ያንኳኳል። እኔ ስም አልሰጠሁትም፤ «ለባሹ» ያሉት አንባቢዎች ናቸው። ቤተሰቡ ይደሰታል፤ ይሳሳማል፤ ወንበር ይቀርባል። በመጨረሻው የሥዕል ክፈፍ በሩ እንደገና ይንኳኳል። አሁን የመጣችው እውነተኛዋ ናት። ማንም ተነስቶ አይከፍትላትም፤ የሚጠብቋት እናት ውስጥ ተቀምጣለችና።

ምልክት ወይ? የለውም፣ እትዬ። ምልክት ቢኖረው አንባቢው ምልክቱን አይቶ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ጥርሱን ቦርሾ ይተኛ ነበር።

ቢሆንም በዚያው ማስታወሻ ለታናናሾቹ የለዘበ እትም አዘጋጅ ስላላችሁኝ ታዝዣለሁ። ለባሹ ያለበትን ክፈፍ ሁሉ ነጭ አድርጌዋለሁ፤ አንድ መስመር እንኳ አላስቀረሁም። ገጾቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ነጭ ወረቀት የሚፈራ ልጅ ካለ የቤት ሥራውን ያልሠራ ብቻ ነው።

ለዚያች ልጅ ቤተሰብ ምክሬ፦ ካፖርቱን ከዓይኗ ዞር ያድርጉላት። የሄደው ሰው ሲመለስ ነገሩ በራሱ ጊዜ ያልፋል። የእህቴን ልጅ ሳሚልኝ። ለአጎቷ አንድ መስመር መጻፍ የሚያስከለክል ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ጭራሮው ወንድምሽ


ኅዳር 3

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ለመዘግየቴ ይቅርታ። ጥሩ ዜና እስካገኝ ድረስ እየጠበቅሁ ነበር፤ አላገኘሁም።

ኋላ በላክሃት ቁራጭ ወረቀት «ነጮቹ ገጾች እንዴት ሆኑ?» ብለሃል። ለልጅቱ ተሰጧት። የመጀመሪያውን ነጭ ክፈፍ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን።

«የት ሄደ?» አለች።

«ተሰርዟል፤ የለም» ተባለች።

«የለምማ፤ ወጥቷል» አለችና መጽሐፉን ዘግታ ወንበር ከላዩ ጫነችበት። ጥቂት ቆይታ ወንበሩን አነሳችው። ከወጣ በኋላ መቆለፍ ምን ይጠቅማል ብላ ነው።

ካፖርቱን ዞር አድርጉት ያልከውም ተደርጓል። ሲከፈት ሲጢጥ የሚለው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። በማግስቱ ልጅቱ የወተት ብርጭቆዋን እንደያዘች ባዶውን መስቀያ አይታ፣ ልክ አውቶቡስ አለፈ እንደሚል ሰው በረጋ ድምፅ «ለብሶት ሄደ» አለች። ካፖርቱ ወጥቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ «መለሰው» አለች። አየህ፣ አንተ ከወረቀቱ ላይ አጠፋኸው፤ ካፖርቱም ከመስቀያው ጠፋ። ባጠፋነው ቁጥር እሷ ዘንድ ይበዛል።

«ሠዓሊው ያሰበው እንጂ ያለ ነገር አይደለም» ሲሏት የሰጠችውን መልስ እንዳለ ላስፍርልህ፦ «ካላየው እንዴት ይስለዋል?»

ስለ ልጄ ሥራ የጠየቅከው ረዘም ያለ ጉዳይ ነው። ሌላ ጊዜ።

እህትህ


ኅዳር 9

እትዬ፣

ሰላምታውን እለፊልኝ።

ልጅቱ የማን ናት? ቅሬታ የሚያቀርብ ቤተሰብ ለምክር ቤት ሊቀመንበር ስለ ወተት ብርጭቆ አይጽፍም። ሲጢጥ የሚለው ቁም ሳጥን ደግሞ የእናታችን ነው፤ ልጅ ሆነን ብስኩት ልንሰርቅ ስንከፍተው ያጋለጠን እሱ ነው። በፍርድ ቤት ምስክር ስታጣድፊ የኖርሽ ሰው እንዲህ አድርገሽ ትደብቂያለሽ?

የራቀው ሰው ማነው? የት ነው? ለምን ራቀ? መልሱ እስኪመጣ እርሳስ አልይዝም። ለነገሩ እጄም እንቢ ብሎኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

ልጅቱ ቁንጥንጧ ናት፤ የልጄ ልጅ። የራቀችው ልጄ ናት። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ሆስፒታሉ ያለው አንተ ከተማ ውስጥ ነው። ከአልጋዋ መስኮት የምትሳፈርበትን ፌርማታ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ወረቀትህን በብብትህ ይዘህ ወደ አውቶቡስ ስትሮጥ አይታህ «አጎቴ አሁንም አርፍዷል» ብላ ነግራኛለች።

እንዳትቆጣ አልለምንህም። አትንገሩት ያለችው እሷ ነች። ምክንያቷን ስጠይቃት «አጎቴ ካየኝ ይስለኛል» አለችኝ። መድኃኒቱ ፀጉሯን ወስዶታል፤ ሰውነቷን ግማሽ አድርጎታል። በሽታውንም እንደ ወሰደው ሐኪሞቹ ተስፋ ያደርጋሉ፤ ምርመራው ግን ገና አላበቃም። በስልክ ያልደወልኩልህ ድምፄን ስለምታውቀው ነው። እንደ ሠዓሊ መልስልኝ ያልኩህም አጎት ሆነህ ብትመልስ ትዋሸኝ ስለ ነበር ነው። ቁንጥንጧ መጽሐፉን የወሰደችው ከትምህርት ቤቷ መደርደሪያ ነው፤ ያንተ ስለሆነ። «የአጎቴ ነው» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አሳይታለች።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ልጄ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ቤት ትመለሳለች ተብሏል። ልጇ ግን በሩን አልከፍትም ብላለች። እናቷ ስትደውልላት ለትንሽ ጊዜ ታዳምጥና ስልኩን ለእኔ እየሰጠች፣ «ድምፁን ይችልበታል» ትለኛለች፤ እንደ ማድነቅም ያደርጋታል። አባቷ ጭነት መኪናውን አቁሞ ቤት በሆነ ቁጥር ያባብላታል፣ ይቆጣታል፣ ከረሜላ ይገዛላታል። ከረሜላውን ትበላለች። ሐሳቧ ግን ንቅንቅ አይልም።

እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል። መተላለፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ፤ የተሰቀለ ልብስ አቃናለሁ፤ ያቃናሁትን መልሼ አጣምማለሁ። ልጄ ያን ሁሉ አልፋ መጥታ በገዛ በሯ ላይ ቆማ እንዳትቀር ነው የምፈራው። አንተ የሳልከውን የመጨረሻውን ክፈፍ።

ሂድና እያት። እርሳስህን ግን ቤት ተወው።

እህትህ


ኅዳር 21

እትዬ፣

ሄድኩ። ስለ ቁጣዬ ሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ ረጅም ነው፤ ለአንቺም ለእሷም ይበቃል።

«እንዴት አገኘሃት?» ላልሽው፣ ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተሳሳተ አልጋ መስሎኝ ወጥቼ ቁጥሩን አየሁ። ስመለስ ትጠብቀኝ ነበር።

«መጣህ? እርሳስህን አስቀምጥ።»

«ባዶ እጄን ነኝ።»

«ኪስህን አሳየኝ።»

ኪሴን ገለበጥኩላት፤ እርሳሱ ወድቆ ከአልጋው ሥር ተንከባለለ። ሳቀች። ሳቋ ቶሎ ደከመ እንጂ የድሮው ነው። ከጎኗ የተኙት ሴትዮ «ይህ ነው እንዴ ያ አውቶቡስ የሚያመልጠው?» አሏት። በሰፈሩ ያለኝን ዝና አወቅኩት።

ስለ ቁንጥንጧ እኔ ሳልጀምርላት አነሳችው። ልጇ ስልክ ላይ ዝም የምትላት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ «የምትፈራው መጽሐፍህን ነው እንጂ እኔን አይደለም በለኝ» አለች። እትዬ፣ አልኩላት። የፈለገችው መልስ እሱ ነበር፤ እውነት መሆኑን ግን እኔም አላውቅም።

ቤት ገብቼ አዲስ መጨረሻ ሳልኩ። ለባሹ ይጸጸታል፤ ካፖርቱን አጣጥፎ ይመልሳል፤ እውነተኛዋ እናት ትገባለች፤ ሁሉም አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ልኬልሻለሁ። ፍርድሽን እጠብቃለሁ።

ጭራሮሽ


ታኅሣሥ 2

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ፍርዱ የእኔ ሳይሆን የቁንጥንጧ ነው፤ ይግባኝም የለውም። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጣ እንዲህ አለች፦

«ይሄን አጎቴ ወዶ አልሳለውም። አስገድዳችሁት ነው።»

«ማንም አላስገደደውም» አልኳት።

«እሺ፣ ለባሹ ሻዩን የሚጠጣው በምን አፉ ነው?»

ሥዕሉን እንደገና አየሁት፤ እውነቷን ነው፤ ሲኒው አገጩ ላይ ቀርቷል። እጅህ ሳያምንበት ሠርቶታል።

ስለ ምክር ቤቱ ጠይቀሃል። ያንተ መጽሐፍ በተነሳበት ቀን ሰብሳቢነቱን ለምክትሌ ትቼ ወጣሁ፤ ደንቡም ሕሊናዬም የሚሉት ይህንኑ ነው። መጽሐፉ ወደ ታላላቆቹ መደርደሪያ እንዲዛወር ተወስኗል። ነጩን እትም ግን ማንም አልደገፈውም። የሒሳብ ሹማችንን ታውቀዋለህ፣ ያን ግድንግድ ሰውዬ። ቤቱ ወስዶ አንብቦት በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና፣ «ወይዘሮ፣ ይሄኛው ይብሳል» ብሎኝ ወጣ።

ሌላም ነገር አለ። ቁንጥንጧ ቃል አስገብታኛለች። «እናቴ ነኝ የሚል ሰው ሲያንኳኳ፣ እኔ ካልከፈትኩ ማንም አይክፈት» አለችኝ። ወደ እሺታ የሚወስዳት መንገድ ሌላ አጥቼ ቃል ሰጠኋት። ለልጅ የገቡትን ቃል ከማፍረስ በሩን ከነመቃኑ መንቀል ይቀለኛል። አሁን እኔም ታስሬያለሁ።

የሚያጽናና ውሸት አትላክልን። ታውቅብሃለች። እውነት የሆነ ነገር ካለህ ግን አሁኑኑ ላክ፤ ቀኑ እየቀረበ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 10

እትዬ፣

ተገኘ። ማግኘት ካልሽው፤ ሲጀመር የሠራሁት ራሴ ነኝ።

«ለባሹን ስትስል ምን እያሰብክ ነበር?» ብለሽ በላክሽው ላይ ስብሰለሰል ሰንብቼ፣ የድሮ ገጾቼን ወለል ላይ ዘርግቼ መመላለስ ጀመርኩ። ያኔ ትዝ አለኝ። ምንም አላሰብኩም ነበር፤ ምክንያቱም አልሳልኩትም። ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። እናትየዋ ስትሄድ ያለችበትን የመጀመሪያውን ሥዕል እዚያ ላይ አነጠፍኩ፤ ንጹሕ ወረቀት ደረብኩበት፤ መስመር በመስመር ቀዳሁት። ለባሹ በመጽሐፉ ውስጥ በታየ ቁጥር ያው ሥዕል ነው። ሌሎቹን ሰዎች ሁሉ በየገጹ አዲስ አድርጌ ስያቸዋለሁ፤ ሕያው ሰው ሁለት ጊዜ ሲሳል አንድ ዓይነት አይወጣም። ሰዎቹን ያስፈራቸው ይህ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ሳያውቁት ዓይናቸው አውቆታል።

ምልክት የለውም ብዬሽ ነበር። አለው። ለባሹ የሚያውቀው ካፖርቱን ብቻ ነው፤ ካፖርቱ የሚያውቀው ደግሞ ሰውየው የሄደበትን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚመጣው ልክ እንደ ሄደው ሆኖ ነው። ለቁንጥንጧ ይህን አንብቢላት፦

«የተከበርሽ አንባቢዬ፣ ስለ ሻዩ ልክ ነሽ፤ አፍሬያለሁ። አሁን አንድ የሙያ ምስጢር ልንገርሽ። ከዚህ ጋር ሁለት ገጾች አሉ። ቀን በፀሐይ መስኮት ላይ ደርበሽ ለጥፊያቸው። ለባሹ መለወጥ አይችልም። አይከሳም፣ አይወፍርም፣ አያረጅም፣ አይረሳም። በእውነት ርቆ የሄደ ሰው ግን እንደ ሄደ ሆኖ አይመለስም። የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ይህን ጽፌ ደስ ብሎኝ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። አውቶቡሱም አላመለጠኝም። የእህቴ ልጅ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ መስታወት ይዛ ጠበቀችኝ። ዊግ አሠርታለች። ከድሮ ፎቶዋ ተለክቶ፣ ያው የተከፈለበት መስመር፣ ያው ርዝመቱ። ጉንጯን ቀብታ፣ ቅንድቧን ስላ፣ ቀሚሷን ከውስጥ በጨርቅ ሞልታዋለች።

«እንዴት ነው? ልጄ እንዳትደነግጥ ልክ እንደ ሄድኩ ሆኜ ነው የምገባው» አለችኝ።

እትዬ፣ ልክ እንደ ሄደች!

ጭራሮሽ


ታኅሣሥ 17

ወንድሜ፣

«አየችው ወይ?» ብለሃል። አየችው። ትምህርት በሌለበት ቀን ረፋዱ ላይ ገጾቹን ሳሎኑ መስኮት ላይ ለጠፈቻቸው። እንዳላግዛት ከለከለችኝ። ወዲያው ጮኸች፤ የጮኸችው ግን እንደ ሰነበተችበት አልነበረም።

«አፍንጫው አፍንጫው ላይ! እማማ፣ ቁልፉ ቁልፉ ላይ!»

ቀጥላ የእናቷን ሁለት ፎቶዎች ከአልበሙ አውጥታ እንደዚያው ደራረበቻቸው። አገላበጠቻቸው። «እሷ አትገጥምም» አለች፤ ረክታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርቱን በእጇ ነክታው አለፈች። ከዚያም «ስትመጣ አያታለሁ፤ ከገጠመች አልከፍትም፤ ካልገጠመች እከፍታለሁ» ብላ ሕጉን ደነገገች።

ስለ ዊጉ ደውዬ ነበር። ልጄ አትሰማኝም። «እማዬ፣ ለአንቺ ሁልጊዜ ቆንጆ ነኝ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን አስፈሪ ነኝ» አለችኝ። የመስኮቱን ነገር ነገርኳት። «ጨዋታ ነው፤ ስታየኝ ትረሳዋለች» አለች። በጨዋታ ያደገ ልጅ የጨዋታ ሕግ እንደማይረሳ ረሳችው።

እባክህ አንተ ሞክር። በጉዳዩ ላይ ካንተ በቀር ባለሙያ የለንም።

እህትህ


ታኅሣሥ 26

እትዬ፣

«ተሳካልህ?» አትበይኝ።

በቻልኩት ሁሉ ለመንኳት። «ልጄ መላጣ እናት ይዛ ትምህርት ቤት አትሄድም» አለችኝ። «መላጣ አጎት አላት፤ ምን ሆነች?» ብላት ዊጉን ፊቴ ላይ ወረወረችው። ካነሳሁላት በኋላ ግን አበጠረችውና ጭኗ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከጎኗ ያሉት ሴትዮ «ተዋት እንግዲህ፤ ሴት ልጅ የምትታይበትን መልክ ራሷ ትምረጥ» አሉኝ። እሳቸውንም መቃወም አልቻልኩም፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እኔም ትክክል ነኝ፤ በሩ ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ፈቅዳልኛለች። ስያታለሁ። እንዳለች፣ ያለ ዊጉ። ሥዕሉን ግን ለማንም እንዳልልክ አስምላኛለች።

አማችሽ በጭነት መኪናው ሊወስዳት መጥቶ ዛሬ ጠዋት ተነሱ። የዊጉን ሳጥን እቅፍ አድርጋ ነው የተሳፈረችው። መኪናው ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላም ፌርማታው ላይ ቆሜ አውቶቡሶቼን ሁሉ አሳለፍኩ።

ጭራሮሽ


ጥር 5

ለተወደድከው ወንድሜ፣

«ከፈተች ወይ?» የምትለው አንዲቷ መስመርህ ደርሳኛለች። በቅደም ተከተል እመልስልህ፤ የሥራዬ ልማድ ነውና ታገሠኝ።

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። በበራችን አናት ያለችውን ትንሽ መስታወት ታስታውሳለህ። ቁንጥንጧ በርጩማዋን ከበሩ ሥር አስቀምጣ ስትጠብቅ ውላለች። ሲንኳኳ እላዩ ወጥታ አየች። እኔም ከኋላዋ ሆኜ አየሁ። ልጄ ቆማለች፤ ያው ፀጉር፣ ያው ጉንጭ፣ ባለፈው ክረምት ስሜያት የሸኘኋት ራሷ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንድ አፍታ እኔም ደስ አለኝ።

ቁንጥንጧ ከበርጩማው ወረደች። «ትገጥማለች» አለችኝ፤ በሹክሹክታ። ሄዳ ሳሎኑ ጥግ ተቀመጠች።

ሁለተኛ ተንኳኳ። ያንተን የመጨረሻ ክፈፍ ከውስጥ ሆኜ አየሁት፤ ወንበሮቹን፣ ጠረጴዛውን፣ የማይነሳውን ሰው። የማይነሳው ሰው እኔ ነበርኩ። እጄ ወደ መቀርቀሪያው ተዘርግቷል፤ ቃሌ ደግሞ እጄን ይዞታል። አማቼ ከውጭ «ክፈቱ እንጂ! ቆማ መቆየት አትችልም!» ይላል። ልጅቱን አየኋት፤ ጉልበቷን አቅፋ ፊቷን ቀብራለች። ብከፍተው እናቷን አስገብቼ ልጅቱን አጣለሁ፤ ባልከፍተው ልጄን ደጅ አስቀራለሁ።

ያኔ ልጄ ለባሏ እንዲህ ስትለው ተሰማ፦ «ተዋት፣ አትጩህባት። ኧረ ይሄ ነገር አሳክኮ ገደለኝ!»

ቁንጥንጧ ቀና አለች።

«ምንድነው ያሳከከሽ?» አለች፤ ካለችበት ሆና።

«ፀጉሩ። የእኔ አይደለም፣ እናቴ።»

«ያንቺስ?»

«የለም። መድኃኒቱ ወሰደው።»

«አውልቂው።»

ከበሩ ወዲያ ቦርሳ መሬት ሲቀመጥ ሰማሁ። ልጅቱ ተነስታ በርጩማዋ ላይ ወጣች፤ እጆቿን መስታወቱ ላይ ከልላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሌላስ ምን ተለውጧል?»

«ቀለበቴ ከጣቴ ይወልቃል። ደረጃ ስወጣ አርፋለሁ። የሽንኩርት ሽታ አልችልም። ቅንድቤም በእርሳስ የተሳለ ነው...» እያለች ልጄ ዘረዘረች። መጀመሪያ እያፈረች፣ በኋላ እያለቀሰች፣ ወደ መጨረሻው ግን እየሳቀች ይመስለኛል። «የአስተማሪሽንም ስም ረስቼዋለሁ።»

«ረሳሽው?»

«ሙሉ በሙሉ።»

መቀርቀሪያው ተከፈተ። እኔ አልነካሁትም።

ቁንጥንጧ ወዲያው አላቀፈቻትም። እጇን ዘርግታ ራሷን ዳበሰችና «ይዋጋል» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልህም፤ የእነሱ ነው።

አሁን እንዴት እንደሆንን ነው የምነግርህ። ልጄ ብዙ ትተኛለች። በወሩ መጨረሻ ለምርመራ ትመለሳለች፤ ውጤቱን ማናችንም አናውቅም፤ እኔም መተላለፊያው ላይ መመላለሴን አልተውኩም። ቁንጥንጧ ግን ከእንቅልፏ እንደ ተነሳች እናቷን ከራስ እስከ እግር ትመረምራለች። የተለወጠ ነገር ካገኘች ደስ ብሏት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ዛሬ ምንም አላገኘችምና ፊቷ ጠቁሮ መጥታ «እማማ፣ እንደ ትናንቷ ናት» አለችኝ። ምን ልበላት? ተመልሰሽ ደህና አድርገሽ እያት አልኳት።

ይህን ስጽፍልህ ከመኝታ ቤት እየጮኸች ነው። «እማማ፣ ነይ! ቅንድቧ ሊበቅል ነው!» ትላለች። ወንድሜ፣ ብዕሬን ላስቀምጥ፤ ሄጄ ልይ።